ካንሰር ታማሚ ሊጠይቁ ድሬና ሐረር የመጡት ልጆች፦ የአንድ አስታማሚ አስተያየት

ቀጥታ ልጀምር። ጥሩ ናቸው። ሙሉ ነጥብ አልሰጣቸውም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች አለ፤ ግን ጥሩ ናቸው። ድሬ ወይ ሐረር ወይ በዚያ መስመር ላይ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ታማሚ ካለና ልጆቹ ተመልሰው ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ከሰማችሁ፣ ሳትግደረደሩ ስም አስመዝግቡ።

ስማቸውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ምስጋና ብቻ ቢሆን ኖሮ እጠራቸው ነበር፣ ወቀሳም ስላለበት ይቅር። ከአዲስ አበባ ተነስተው በሚኒባስ በምሥራቁ መንገድ የወረዱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዳማ፣ አዋሽ፣ ጭሮ፣ ድሬ፣ መጨረሻ ላይ ሐረር። በየከተማው እየቆሙ የካንሰር ታማሚ ይጠይቃሉ። ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ ሆስፒታልም ይገባሉ። ነርሶች አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ የዓመት ፈቃዱን አውጥቶ የመጣ የባንክ ሠራተኛ አለ። የተወሰኑት ደግሞ ራሳቸው ታመው የዳኑ ወይ አሁንም ክትትል ላይ ያሉ ናቸው። ልዩነቱን ያመጡት እነዚህ ይመስሉኛል።

እኔ አስታማሚ ነኝ። አክስቴ የጡት ካንሰር አለባት። የምንኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ኬሞዋን (የካንሰር መድኃኒቷን) የምትወስደው ሐረር ነው። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው አገልግሎቱን እንደተጠቀመ ሰው እንጂ እንደ ጋዜጠኛ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ እኛ ትንሽ ላውራ። እኛ አገር የታመመ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ድሬ ላይ ሰው ታመመ ከተባለ ክርስቲያን እስላም ሳይባል ቤቱ ይሞላል፣ ለዚህ ማንም አያማንም። ችግሩ አጠያየቃችን ላይ ነው። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ «የእከሌ እናትም እኮ እንዲሁ ነው የጀመራት» ብሎ ይጀምራል። የእከሌ እናት አሁን የት እንዳለች ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ገና በር ላይ ያለቅሳል። ሌላው የበሽታውን ስም ላለመጥራት «ያ በሽታ» እያለ ያንሾካሹካል፣ ታማሚዋ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች። አክስቴ አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ከወጡ በኋላ በሩን እያየች «እኔ ሳልሞት ለቅሶዬን ጨረሱት» አለችኝ። ሳቅን፣ ግን ቀልድ አልነበረም።

ልጆቹ ቤታችን ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ጫማቸውን አውልቀው «ውሃ የት ነው?» ማለት ነው። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። አንዷ ጉንፋን ጀማምሯት ስለነበር ጭራሽ አልገባችም፣ በረንዳው ላይ ከእኔ ጋር ቀረች። ኬሞ የሚወስድ ሰው በሽታ የሚከላከልለት ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ይላል። በተለይ መድኃኒቱን ከወሰደ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ። ለእኛ ሦስት ቀን አስነጥሶን የሚያልፍ ጉንፋን እሷን ሆስፒታል ሊያስተኛት ይችላል። ይሄን ሐኪሙም ነግሮናል። ግን እስቲ ለጎረቤት «ጉንፋን ካለሽ አትግቢ» በሏት! በእኛ ሰፈር ይሄ የዕድሜ ልክ ኩርፊያ ነው። ልጅቷ በራሷ ፈቃድ ውጭ ስትቀር ግን ሰፈሩ በሙሉ አየ፣ ጠየቀ፣ ምክንያቱን ከእሷ አፍ ሰማ። ከዚያ በኋላ የእኛ ሥራ ቀለለ። አሁን ጎረቤቶቻችን ራሳቸው «ዛሬ ጉሮሮዬን ከርክሮኛል፣ በመስኮት ነው የማያት» ይላሉ።

ውስጥ የገባችው ሴትዮ የአክስቴ እኩያ ትሆናለች። ፍራሹ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። «አይዞሽ» አላለችም፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» አላለችም፣ ስለ ሞተ ሰውም አላወራችም። «አሁን ምግብ ምን ምን ይልሻል?» አለቻት።

«ብረት ብረት።»

«እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የብረት ማንኪያውን ተይውና በፕላስቲክ ብዪ። ወጡን ሲቀዘቅዝ ሞክሪው፣ ሽታው ይቀንስልሻል።»

ይኼው ነው። ከዚያ ሁለቱ ስለ አፍ መቁሰል፣ ስለ ጥፍር መጥቆር፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት እንደ ድሮ ጓደኛሞች አወሩ። አክስቴ ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ነው የነገረቻት። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ግን ገባኝ። ያላለፈበት ሰው ያው ያላለፈበት ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ነርስ የሆነውን ልጅ ነው። ከቦርሳው ሙቀት መለኪያ አወጣ፣ ብብት ሥር ገብታ ድምፅ የምታሰማዋን ዲጂታሏን።

«እናቴ፣ ከኬሞ በኋላ ትኩሳት ሲሰማዎት ምን ያደርጋሉ?»

አክስቴ ሳቀች። «ልጄ፣ ድሬ እኮ ነው ያለኸው። መቼ ሳይሰማኝ ቀርቶ?»

እውነቷን ነው። የመጡት ግንቦት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ድሬ የማንም ግንባር ይፈጃል፣ ሌሊት አንሶላ አርጥበን ነው የምንተኛው። በእጅ ግንባር ነክቶ ትኩሳት አላት የላትም ማለት እዚህ ከተማ አይሠራም፣ እኔም ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ልጁ ብብቷ ሥር እንድታስገባው አደረገ፣ እስክትጮህ ጠበቀ፣ ቁጥሩን ራሷ እንድታነብ ሰጣት። «አይታየኝም፣ መነጽሬ የለም» አለች። እስክሪብቶ አወጣና የካርቶኗ ክዳን ላይ 38 ብሎ በትልቁ ጻፈ፣ ከሥሩ የስልክ ቁጥር ጨመረበት። «ይሄን ቁጥር ካዩ ወይም ከዚህ ካለፈ፣ እስኪነጋ ብለው አይጠብቁ። ፓራሲታሞል ውጠውም አይተኙ። በቀጥታ ሐኪም ቤት።» ክዳኑ አሁን ፍሪጃችን ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ይዘውት ከመጡት ዕቃ ሁሉ በጥቅም ሙቀት መለኪያዋን የሚያህላት የለም።

ስለ ዕቃው ካነሳሁ አይቀር፣ ለእያንዳንዱ ታማሚ ከረጢት አለው። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ አፍ መጉመጥመጫ የሚሆን ሶዳ፣ የጥጥ ሻሽ፣ ሳሙና፣ ቀጠሮ መጻፊያ ደብተር። ሻሹን ተራ ነገር እንዳትሉት። ፀጉር ሲረግፍ የራስ ቆዳ ይቆጠቁጣል፣ ሲነኩት ያማል። አክስቴ ከቀፊራ የገዛችው የሚያብለጨልጭ ሻሽ ሁለት ችግር ነበረበት፣ ይከረክራል፣ ደግሞ ፀጉር የሌለው ራስ ላይ አይቆምም፣ ይንሸራተታል። የጥጡ ቁጭ ይላል። የእኛ አካባቢ ሴት ደግሞ ብትሸፋፈን ማንም «ምን ሆንሽ» አይላትም፣ ሒጃቡም ሻሹም የቀን ተቀን ልብስ ነው። ሌላ ቦታ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይዘው እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ ለድሬ ሻሽ ማምጣታቸው አስበውበት ነው።

ከከረጢቱ ጋር የታደለውን ጋቢ ግን ማን እንዳሰበው አላውቅም። አቦ፣ ለድሬ በግንቦት ጋቢ! ሲታደል ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ነው የሳቁት። ሐረር ላይ ግን ሠርቷል። ሐረር ከድሬ በሰባት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ግሉኮስ ክንድ ላይ ተሰክቶ ለሰዓታት ሲቀመጡ ደግሞ ብርዱ ይብሳል። ድሬ ያደሉትን ጋቢ ሐረር ይዘነው ሄድን በሉት።

አሁን ወደ ወቀሳው።

የአዳራሹ ፕሮግራም። ይሄን ለምን እንዳስፈለጋቸው እስካሁን አልገባኝም። ቤት ለቤት ያን ሁሉ ጥሩ ሥራ ሠርተው፣ በማግስቱ ታማሚውን ሁሉ ሰብስበው አንድ ቦታ አስቀመጡ። ተጠራ የተባለው ሰዓትና የተጀመረበት ሰዓት አይገናኙም፣ የክብር እንግዳ ይጠበቃል። ያውም በስድስት ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ ግማሹ ሰው የሸራ ድንኳን ሥር። የአገሩ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ይነግራቸው ነበር። ድሬ ላይ ሥራ የሚሠራው በጠዋት ነው፣ ወይ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ጤነኛው ሰው የት እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን፣ በርጫው ላይ ጫት እየቃመ ነው፣ ንግግር የሚሰማ የለም። ንግግሩ ረዘመ። አንድ አዛውንት ራሳቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ እኔ ቀናሁባቸው።

ምግቡም እንዲሁ። ሳምቡሳና ለስላሳ አቀረቡ። ሳምቡሳው ጥሩ ነበር፣ በርበሬው በደንብ ይለበልባል፣ እኔ ደጋገምኩ። ግን አፉ የቆሰለ ሰው ሚጥሚጣ ያለበት የተጠበሰ ነገር እንዴት ይበላል? ራሳቸው ናቸው ትናንት ቤታችን መጥተው «የሚያቃጥል ነገር ይቅር» ያሉት። የሰፈር እናቶች ናቸው ነገሩን አይተው ሮጠው በሰሃን ሾርባ ያመጡት።

ከምግቡ ግን ፎቶው ይብሳል። መድረክ ላይ እየጠሩ ፖስታ ይሰጣሉ፣ ፎቶ አንሺው ደግሞ ፊት ለፊት ይቆማል። አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ከምቆጣ በፊት ከልጆቹ አንዷ ቀድማ ካሜራውን በእጇ ጋረደችው፣ ለዚህ አመሰግናታለሁ። ግን ሁሉም ሰው እንደ አክስቴ ዕድለኛ አልነበረም። መታመሟን ለመሥሪያ ቤቷ ያልተናገረች ሴት ፎቶዋ ማታውኑ ተለጥፎ ታየ። ደውላ ስትነግራቸው ወዲያው አነሱት፣ ይቅርታም ጠየቁ። ጥሩ ነው። ግን ድሬ ትንሽ ከተማ ናት። ከዚራ ላይ የታየ ነገር ሰዓት ሳይሞላ መጋላ ይደርሳል። ለጋሽ ማስረጃ እንደሚፈልግ ይገባኛል፣ ታዲያ ደረሰኝ አሳዩት፣ መኪናችሁን አሳዩት፣ የተደረደረውን ከረጢት አሳዩት። ፀጉሯ የረገፈ ሴት ፖስታ ስትቀበል የግድ መታየት የለባትም።

ቋንቋም አለ። የመጡት ልጆች በሙሉ አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። እኛ ጋ ኦሮምኛ አለ፣ ሶማሊኛ አለ፣ ሐረር ስትገቡ የአደሬዎቹ ቋንቋ አለ። ከቀርሳ በኩል የመጡ እናት ነበሩ፣ አማርኛ አይሰሙም። ያመጣቸው የባጃጅ ሹፌር ተርጓሚ ሆነ። ነርሷ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ቀጠሮው ቁጭ ብላ በዝርዝር አስረዳች፣ ሹፌሩ ሁለት ቃል ተናግሮ ዞረ። «ምን አልካቸው?» ስትለው «ታጠቢ ብላለች አልኳት።» ሁላችንም ሳቅን፣ እናትየውም ሳቁ። ግን ቆይቼ ሳስበው የሚያስቅ አይደለም። የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ደም ይፈሰኛል፣ ይሸተኛል የሚለውን ነገር በአንድ ወንድ ባጃጅ ነጂ አፍ ትናገራለች እንዴ? አትናገርም። ዝም ትላለች፣ ጠያቂዎቹም «ደህና ናት» ብለው ይሄዳሉ። ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አቀላጥፋ የምትናገር ነርስ ወይ ተማሪ ማግኘት ከባድ አይደለም። ሁለት ቀን ቀድሞ መደወል ነው።

አሁን ሐረርን ላውራ፣ እዚያ ተክሰዋል።

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ካርታ ላይ ምንም አይደለም። ለጤነኛ ሰው ደስ የሚል መንገድ ነው፣ ደንገጎ ላይ አየሩ ሲቀየር፣ ሐሮማያን ስታልፉ፣ አወዳይ ላይ ትርምሱን ስታዩ። ኬሞ ወስዶ ለሚመለስ ሰው ግን የደንገጎ ጥምዝ ሌላ ነው። በታክሲ ከሆነ ሰው ተጠቅጥቆ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ፌስታል በእጅ ተይዞ ነው። ጋቢና ለማግኘት ሹፌር ትለምናላችሁ። ከኋላ ጫት የጫነ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ለማንም አይቆምም። አክስቴ አንድ ጊዜ «በሽታው ሳይሆን ደንገጎ ነው የሚገድለኝ» ብላለች።

ልጆቹ ሐረር በነበሩበት ጊዜ ቀጠሮ ያላቸውን የድሬ ታማሚዎች በራሳቸው መኪና ወሰዱ፣ መለሱ። በጠዋት በየበሩ መጡ። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ማንም ሳይነግረው በየጥምዙ ቀስ ይላል፣ ከደንገጎ በላይ ቆም አድርጎ «ንፋስ ውሰዱ» አለን። አንድም ሰው አላስመለሰውም። ከጉዞው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይቀጥል ብባል ይሄን ነው የምመርጠው።

ኬሞ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አብረው ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው አልገባም፣ ተመስገን። አንዲት አዲስ ታማሚ ነበረች፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ቀዩዋ መድኃኒት ስትሰቀል ዓይኗን ከእሷ ላይ መንቀል አቃታት። የዳነችዋ ሴትዮ ጠጋ ብላ «ማታ ሽንትሽ ቀይ ሲሆን እንዳትደነግጪ፣ ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ውሃ ጠጪ ይጠፋል» አለቻት። ይሄን ሰው ሳይነግራት ቤቷ ብትገባ ሌሊቱን ሙሉ ልሞት ነው ብላ ታድር ነበር። አክስቴ አድራለች።

እኛን አስታማሚዎቹን ደግሞ «ሂዱ፣ ብሉ፣ ተኙ፣ እኛ አለን» አሉን። ለአስታማሚ የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ወጣሁ። በሸዋ በር ገብቼ እስከ ፈረስ መጋላ በእግሬ ሄድኩ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ሐለዋ ገዛሁ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ስለ ምንም አላሰብኩም። ስመለስ አክስቴ ገበጣ እየተጫወተች ነበር፣ በአንድ እጇ።

መድኃኒት ላይም ደግ ሥራ ሠርተዋል። መድኃኒት ሲጠፋ «ከውጭ ግዙ» ይባላል፣ ይሄ በአገሪቱ የትም ያለ ነገር ነው፣ የጤና መድን ካርድ ያለውም ሰው ያኔ ኪሱን ይዳብሳል። ልጆቹ የመድኃኒት ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው ፋርማሲ ሄደው ከፍለው መድኃኒቱን ነው ያመጡት። ፖስታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። ታዲያ ይሄን እያወቁበት ያንን መድረክ ለምን?

ስለ ምርመራ የሰጡት ትምህርትም መጥፎ አይደለም። ድሬ ላይ ጠዋት ከዚራ ዛፎቹ ሥር ቆመው ነበር፣ ይሄኛው ሰዓቱም ቦታውም ልክ ነበር። እኛ ጋ ሴቶችን በብዛት የሚይዙት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው፣ ብዙው ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ከረፈደ ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል፣ ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ይሄንኑ ካንሰር ለመከላከል ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ነው አገራችን ውስጥ የተጀመረው፣ አንዷ እናት «መካን ያደርጋል ይባላል» ስትል ነርሷ ሳትቆጣት፣ ሳትስቅባት ውሸት መሆኑን አስረዳቻት። ጸበልና ዱዓ የሚያዘወትረውንም ሰው አላሸማቀቁም። «ጸበሉንም ጠጪ፣ ዱዓውንም አስደርጊ፣ ቀጠሮሽን ግን አትዝለዪ» ነው ያሉት። ሐኪሞቻችንም እንዲህ ቢሉ ስንቱ ሰው ሕክምና ባላቋረጠ።

ከሄዱ በኋላስ? ጠያቂ ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር እነዚህም መጥተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ይጠፋሉ ብዬ ነበር የገመትኩት። አልጠፉም። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት አንዲት ልጅ ትደውላለች። የአክስቴ ኬሞ በየሃያ አንድ ቀኑ ስለሆነ ጥሪዋም በየሃያ አንድ ቀኑ ነው፣ አክስቴ «ልጄ ደወለች» ትላለች። መኪናው ግን የለም፣ ወደ ታክሲያችንና ወደ ደንገጎ ተመልሰናል።

ለዚህ ነው አንድ ሐሳብ የምሰጠው። ለጨረር ሕክምና አገሪቱ ለብዙ ዓመት የነበራት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። የእኛ አካባቢ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ዘመድ ካለው ዘመድ ቤት፣ ከሌለው በየበረንዳው እያደረ ነው ሲታከም የኖረው። ሐረር ሕይወት ፋና ከአዲስ አበባ ውጭ የካንሰር ማዕከል እንዲሆኑ ከተመረጡት ሆስፒታሎች አንዱ የሆነውም ለዚህ ነው። ግን ሐረርም ቢሆን ለጉርሱም፣ ለጭሮ፣ ለጅግጅጋ መስመር ሰው ሩቅ ነው። ጨረር ደግሞ እንደ ኬሞ አንድ ቀን ተወስዶ የሚመለሱበት አይደለም፣ በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ያ ሰው የት ያድራል? አዲስ አበባ ላይ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ሐረር ላይ እናንተ ትንሽ ቤት ብትከራዩ፣ አራት ፍራሽና አንዲት ምግብ የምታበስል ሴት ብታገኙ፣ ከአዳራሹ ኪራይ፣ ከባነሩና ከዚያ ሁሉ ቲሸርት ብዙም አይበልጥባችሁም። ቲሸርቱን አክስቴ ወለል መጥረጊያ አድርጋዋለች። ጥጥ ስለሆነ ውሃ ጥሩ ይመጥጣል ብላለች።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ቤት ለቤት ጉብኝቱ አምስት ከአምስት። የሐረር መኪናና ኬሞ ክፍሉ አምስት። ከረጢቱ አራት፣ ጋቢው ነው ያወረደው። ቋንቋ ሁለት። የአዳራሹ ፕሮግራም አንድ፣ እሷም ለሰፈር እናቶች ሾርባ ናት። በጠቅላላው አራት ብል ማንንም የበደልኩ አይመስለኝም።

ስም ለምታስመዘግቡ ሰዎች። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱን፣ የቀጠሮ ካርዱንና የጤና መድን ደብተሩን ኮፒ አድርጋችሁ አንድ ላይ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ፎቶ የማትፈልጉ ከሆነ ስትመዘገቡ ተናገሩ፣ ይጽፉላችኋል፣ አዳራሽ ከገባችሁ በኋላ ግን ማን ይሰማችኋል። አዳራሹን ደግሞ ጨርሶ መቅረት ትችላላችሁ፣ የቀሩት ሰዎች ከረጢታቸው ቤታቸው ድረስ ደርሷቸዋል። ታማሚው በሽታውን ገና ካልሰማና ቤተሰቡ ከደበቀው፣ ይሄንንም ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ስሙን ጠርተው ነው የሚያወሩት። የስልክ ቁጥር ሁለት ስጡ፣ አንዱ የታማሚው፣ አንዱ የአስታማሚው። የሳቢያን ኔትወርክ ማታ ማታ እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ።